ሳልጠራ የጻፍሁት ስም

የጡረታ ወረቀቴን የሚሞላልኝ ወጣት ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ስም?» አለኝ፤ ነገርሁት። «የአባት? የአያት?» ነገርሁት። ሞጫጭሮ ጨረሰና ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገው። «ይፈርሙ አባባ።»

ብዕሩን አነሣሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልሁ ሰው «በቃህ፣ ግባና ዕረፍ» የተባልሁበት ቀን ነው፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ብዕሩን መልሼ አስቀመጥሁት።

«እስቲ መጀመሪያ ጥራኝ» አልሁት።

«ምን አሉኝ?»

«የጻፍኸውን ስም ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራኝ።»

አጠገቡ ከተቀመጠችው ባልደረባው ጋር ተያዩ። ሽማግሌው ጃጅቷል ሳይባባሉ አልቀሩም። ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ አላሳፈረኝም፤ «ምትኩ ውቤ!» ብሎ ጮኸ። «አቤት!» አልሁና ፈረምሁ። ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሼ የተመለሰ።

ይህን አመል ያመጣሁት ከወረታ ነው። እንዴት እንዳመጣሁት ለልጆቼም በወጉ አውርቼላቸው አላውቅም፤ አሁን ሥራ ፈትቻለሁና ልጻፈው።

መቼም ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ምትኩ ያሉኝ ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በፈንጣጣ ስለሞተ ነው፤ የእሱ ምትክ መሆኔ ነው። እናቴ እኔም እንዳልቀርባት ስትሳሳ ነው ያሳደገችኝ። የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር፣ ክፉ ሰው ከያዘው መድኃኒት ያደርግብሃል ብላ አስምላኛለች። እስከ ዛሬ ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እዚህም አልጽፈውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ለእኔ ያወጣልኝ መልአክ ግን ራሱም ሳይፈራ አልቀረም። በር ዘግቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ የማይ፣ ደብዳቤ አሽጌ እንደገና የምከፍት ሰው ነኝ።

ወረታ ችሎት ረዳት ጸሐፊ ሆኜ የገባሁት በሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ደመወዜ እናቴንና ሁለት እህቶቼን ያበላል፣ አይተርፍም። ወረታ ያኔ በመኪናው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት ቤቶችና አንድ ገበያ ነበረች። ፎገራ ሜዳ ላይም ሩዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጤፍና ኑግ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሽምብራና ጓያ ነው የሚዘራው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ከብቱም ሰውም ወደ ጉብታው ይሸሻል። ችሎት ፊት የሚመጣው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ሜዳ ነገር ነው፤ ርስት። ርስት ደግሞ በስም ነው የሚያዝ። እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሊትን ወለደ ብሎ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ያልቆጠረ ሰው ጥማድ መሬት አያገኝም።

ዋናው ጸሐፊ ጋሽ ገሠሠ ይባላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው። ብዕራቸውን በቀለም ከመንከራቸው በፊት ሽበታቸው ላይ ይጠርጓታል። ደምመላሽ የሚባል ባለጉዳይ ከመጣ «ማን ተገድሎባችሁ ነው?» ይሉታል። ማስረሻ የምትባል ከመጣች «ማንን ነበር የምታስረሺው?» ብለው ያስለቅሷታል። «ስም የእናት አባት ማመልከቻ ነው፤ ሳታነበው አትለፍ» ይሉኛል።

ስም ሲመዘግቡ ሁለት ነገር ሳይጠይቁ ብዕር አያነሡም፦ እናትህ ማን አለችህ? ቀየው ማን ይልሃል? ለሴት ሦስተኛ ይጨምራሉ፦ አማትሽ ማን አለችሽ? በእኛ አገር ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ ልጆቿም በዚያው ይጠሯታል፤ የአባቷ ቤት ስም እዚያው አባቷ ቤት ይቀራል። ጋሽ ገሠሠ ሦስቱን ከጠየቁ በኋላም አይጽፉም። ባለጉዳዩን «በል ሂድ» ይሉና በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ይጠሩታል። ከዞረ ይጽፋሉ። ካልዞረ ብዕሯ ትቀመጣለች፣ ጥያቄው እንደገና ይጀመራል።

«ለምን እንዲህ ያደክሙታል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«አፍ ይዋሻል ልጄ፤ አንገት ግን አይዋሽም» አሉኝ።

አንዴ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ ለምስክርነት መጣ። የአባቱን ስም ብንጠይቀው የራሱን የኋለኛ ስም ደገመልን። የአያቱን ብንለው ያንኑ። አስተርጓሚው፣ ስሙ የቤተሰብ ነው፣ ከቅድመ አያት የወረደ ነው፣ ሚስቱም ስታገባው ወስዳዋለች አለን። ጋሽ ገሠሠ ሳቃቸው መጣ። «ኧረግ! እነሱም ጋ ሙሽራ ስሟን ደጅ ጥላ ነዋ የምትገባ! የእኛስ አማት መርቃ ታወጣለች፤ የእነሱ ግን ቤቱ ካለው ስም ነው የሚያካፍሏት» አሉ። ፈረንጁ ምን እንደተባለ ሲነገረው እሱም ሳቀ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓይኔ እያየ፣ ጆሮዬ እየሰማ ነው የተሳሳትሁት።

ጋሽ ገሠሠ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ገበሬው ዝናብ ሳይጥል ጉዳዩን ሊጨርስ ችሎቱን አጥለቅልቆታል። ብቻዬን ነኝ። ከቁሐር ሚካኤል በኩል አንዲት ሴት መጣች፤ ዕድሜዋ አርባ አይሞላም፣ ጥቁር ለብሳለች፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አጠገቧ ቆሟል። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ ቀርታለች። የባሏ ወገን መሬት በወንድማማቾች ተሸንሽኖ አልቋል። የአባቷን ርስት ግን ታላቅ ወንድሟ ቢያድግልኝ ብቻውን ያርሰዋል፤ ድርሻዬን ይስጠኝ ነው ክሷ።

«ስምሽ?»

«ብርቄ።»

«የአባትሽ?»

«በላይ።»

ጻፍሁ። አማትሽ ማን አለችሽ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰልፉ እስከ ደጅ ነው፣ ዳኛው ግራዝማች ውስጥ ሆነው ይጣራሉ፣ የባሏ ወንድምም ቆሞ ያየኛል። እሱ ፊት ብጠይቃት ታፍር ይሆናል ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁት። ወጥታ ስትሄድም አልጠራኋትም።

ቀጠሮው ደረሰ። ቢያድግልኝ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ረጋ ያለ ገበሬ ነው። ክሱን አነበብሁለት። «ድገምልኝ» አለ። ደገምሁለት፤ «ከሳሽ ብርቄ በላይ» ስል ዓይኑ ሲበራ አየሁ። ያኔ ነው ያልጠየቅኋት ጥያቄ ትዝ ያለኝ።

«ብርቄ የምትባል እህት የለኝም» አለ።

ሴትዮዋ በንዴት ሳቀች። «ጌታዬ፣ ይካደኝ ግድ የለም! ወንድሜ መሬት ያጓጓዋል እንጂ በሚካኤል ደጅ በሐሰት አይምልም። ይማልልኝ! ከማለ እኔ የለሁበትም።»

ግራዝማች ፈቀዱ። በመሐላ የሞተ ነገር አይነሣም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የመሐላውን ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ። ቃሉ ከክሱ ነው የሚቀዳ። ሄጄ፣ ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ዘልያለሁ ማለት አንድ አፍታ ነው። ግራዝማች ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረውን ጸሐፊ በአንድ ስህተት ያባረሩ ሰው ናቸው። እናቴና እህቶቼ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። ይሁን፣ ምናልባት ሌላ ስም የላትም ይሆናል አልሁ።

ቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም ቆመን እኔ አነበብሁ፣ ቢያድግልኝ በሩን ይዞ ተከተለኝ። «በአባቴ በበላይ ቤት ብርቄ የምትባል ልጅ አልተወለደችም። ዋሽቼ እንደሆነ ሚካኤል ዘሬን ይንቀለው።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሴትዮዋም አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ «ካሳነሽ! ካሳነሽ አይደለሁም እንዴ!» ብላ ደረቷን መታች።

ችሎት ስንመለስም ይህንኑ ነው የጮኸች። ወላጆቿ ከቢያድግልኝ በኋላ የወለዷቸው መንታ ልጆች ሞተውባቸው፣ እሷ ስትወለድ አባቷ የሁለቱ ካሳ ነሽ ብሎ እንዳወጣላት ተናገረች። ብርቄ ያሏት አማቷ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ስም የጠራት ሰው ስለሌለ፣ ስምሽ ማነው ስትባል ይኸው ነው የሚመጣላት።

ግራዝማች ወደኔ ዞሩ። «ጸሐፊ! ቃሏን ስትቀበል ሌላ ስም እንዳላት ጠይቀሃታል?»

እዚያ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

«ጠይቄያታለሁ ጌታዬ» አልሁ።

«እንግዲያው ራሷ በሰጠችው ቃል ነው። ተምሏል፤ ተዘግቷል።»

ሴትዮዋ አልተራገመችም። ብትራገመኝ ይሻለኝ ነበር። ቀረብ ብላ በቀስታ፣ «አንተ ልጅ፣ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እህል አልወርድ አለኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊይዙኝ የመጡ ይመስለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሐምሌ እንደገባ ጋሽ ገሠሠ ከወንዛዬ ተመለሱ።

የጀመሩት መዝገብ በመመርመር ነው። የሴትዮዋን ፋይል ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡት።

«ጠርተሃታል?»

«አልጠራኋትም።»

«ጠይቄያለሁ ብለሃል እዚህ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ብዕራቸውን ሽበታቸው ላይ ጠረጉና አስቀመጧት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስህተቱን እኔም ላርመው እችላለሁ። ውሸቱ ግን ያንተ ነው፤ አንተው አንሣው። ችሎቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ውኃው ሲሸሽ ወንድሟ ሽምብራውን ከዘራበት፣ ያችን ሴት መሬቱ ላይ የሚመልሳት የለም። ልጆቿን ምን ታበላ?»

ሦስት ቀን አመነታሁ፤ ያሳፍረኛል፣ ግን አመነታሁ። በአራተኛው ቀን ወደ ቁሐር ወረድሁ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈስሷል፤ ውኃው ግማሽ መንገድ ላይ ደረቴ ደረሰ። ዋና አልችልም። ከዚያ ወዲያ አንድ ደግ ሰው በታንኳ አሻገረኝ። ጉብታው ላይ ከብቱና ሰዉ አንድ ላይ ተፋፍጎ አገኘሁት። ሴትዮዋ ከአማቷ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ጎጆ ደጅ ተቀምጣለች። አማትየዋ ስማቸው ሲጠራ አገር የሚጠነቀቅላቸው ሴት ናቸው።

እንደቆምሁ፣ ልብሴ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ተናገርሁ። አልጠየቅኋትም፤ ጠይቄያለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ዳኛ ፊት ልናገር ነው፤ ግን አንቺም ቀርበሽ ስሜ ካሳነሽ ነው በይ አልኋት።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ደጀ ሰላም የጮኽሁት አብጄ ነው እንጂ፣ እሜቴ በሕይወት እያሉ፣ እሳቸው ፊት ቆሜ ያወጡልኝን ስም እንዴት እጥላለሁ? ነውር አይደለም?» አለች።

ወይዘሮ ዘነበች መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «እቴ! ምን ትያለሽ አንቺ! ብርቄ ያልሁሽ እንድትወደጂ ነው፤ እንድትጠፊ ብዬ ነው እንዴ? እኔ ነኝ ያንን ስም ያመጣሁት፣ እኔው ሄጄ እናገራለሁ።» ወደኔም ዞሩ። «አንተም ፈሪ ነህ። ግን በዚህ ውኃ መጥተሃል። ተቀመጥና ልብስህ ይድረቅ።»

ችሎቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ግራዝማች ፊት ቆምሁ። «ጌታዬ፣ አልጠየቅኋትም። ዋሽቻለሁ» አልሁ። ፊታቸው ቀላ። «የአንተን በኋላ እደርስበታለሁ» አሉና ወይዘሮ ዘነበችን ሰሙ። አማትየዋ ሳይፈሩ ተናገሩ፦ ሙሽራዪቱ ካሳነሽ ተብላ መጣች፣ ብርቄ ያልኋት እኔ ነኝ።

ቢያድግልኝ ግን አልደነገጠም። «ለልጅ ልጆቻቸው መሬት ፈልገው ነው። እኔ በሚካኤል ፊት ምያለሁ» አለ። እኔንም ጎሸም አደረገኝ፦ «ይኸም አንዴ ጠይቄያለሁ፣ አንዴ አልጠየቅሁም የሚል ጸሐፊ ነው።» እውነቱን ነው። ግራዝማች መዝገቡን ሊዘጉ እጃቸውን ሲሰዱ ጋሽ ገሠሠ እያነከሱ ተነሡ።

«ግራዝማች፣ አንድ ጊዜ እንጥራት።»

ሴትዮዋ ደጅ ነበረች። ወይዘሮ ዘነበች ሲመሰክሩ እፍረት ይዟት ዋርካው ሥር፣ ጉዳይ ከሚጠብቁ ሴቶች መካከል ተቀምጣለች። ሁሉም ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተቀመጡት፤ የትኛዋ እንደሆነች እኔ እንኳ አልለየኋትም። ሁላችንም በረንዳው ላይ ወጣን። ጋሽ ገሠሠ ትከሻዬን ያዙና «አንተ ነህ የምትጠራ። መጀመሪያ ያልጠራሃት አንተ ነህ» አሉኝ።

«ካሳነሽ!» ብዬ ጮኽሁ።

ማንም አልዞረችም።

እንደገና ጠራሁ። አንዲት አሮጊት ቀና ብላ አየችኝና ተመለሰች። ሃያ ዓመት ሳይጠሩበት የቆየ ስም! በቃ አጠፋኋት፣ ሁለት ጊዜ አጠፋኋት አልሁ። ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ገሠሠ ግን ወደ ሴቶቹ አላዩም ነበር። በዚያ በደከመ ዓይናቸው አጠገባቸው የቆመውን ቢያድግልኝን ነው የሚያዩ።

«ግራዝማች፣ እዚያ አይመልከቱ። ወደዚህ ይመልከቱ» አሉ።

የቢያድግልኝ አንገት ዞሯል። ከእነዚያ ሁሉ ነጠላ ለባሾች መካከል አንዷ ላይ ዓይኑ ተተክሏል። እንደተያየን ሊመልሰው ሞከረ፤ ግን ሁላችንም አይተነዋል።

«ካሳነሽ ሲባል ማንን ነው ያየኸው?» አሉት ግራዝማች።

ያ የረጋ ሰው የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። «በጀርባዬ ያዘልኋትን» አለ። «እህቴን።»

መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። እኔን ግራዝማች ከወረታ አስነሥተው አዲስ ዘመን ከተማ ላኩኝ፤ ከሥራ ያላስወጡኝ ጋሽ ገሠሠ ለምነውልኝ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ዞርሁ፣ ብዙ ዳኛ አየሁ። ያን ቀን የመጨረሻ ያየሁት ግን ይህን ነው።

ቢያድግልኝ ከበረንዳው ወርዶ ወደ ዋርካው ሄደ። ሴትዮዋ የሆነውን ሁሉ አላወቀችም፤ ጀርባዋን እንደሰጠች ናት። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ መቅረብም መመለስም አቃተው።

«ካሳዬ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አቤት አያ» አለች፣ ገና ሳትዞር። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

ጋሽ ገሠሠ ብዕሯን ሽበታቸው ላይ ጠርገው ሰጡኝ። «በል፣ አሁን ጻፍ» አሉኝ።